ያልታጠበ እግር

“እቺ ካፒቴን እያላችሁ የምትፈሯት፣” አሉ አዛውንቱ አስተማሪ፣ የሄሊኮፕተሩን ግራ እግር በጫማቸው ጫፍ ከጎኑ መታ መታ እያደረጉ፣ “መጀመሪያ የመጣች ቀን ‘መቼ ነው የምበረው?’ አለችኝ። እኔም የጭቃ መፋቂያዋን እንጨት ሰጠኋትና ‘በመጀመሪያ እግር እጠቢ’ አልኳት።”

ሠልጣኞቹ ሳቁ። እሳቸው ሲቆሙ እየቆሙ፣ ሲራመዱ እየተራመዱ ከኋላ ከኋላቸው ይከተሏቸዋል። ሁሉም አብራሪዎች ናቸው። አንዱ ማሳ ላይ መድኃኒት ይረጫል፣ ሌላው ተራራ ላይ ላሉ ጤና ጣቢያዎች ዕቃ ያመላልሳል። እዚህ የመጡት ስለ አንድ ነገር ሊማሩ ነው፦ ሄሊኮፕተር ገና ከመሬት ሳይላቀቅ ለምን በጎኑ እንደሚገለበጥ፣ እንዳይገለበጥስ ምን እንደሚደረግ።

“ታዲያ አጠበች?” አለ ረጅሙ ሠልጣኝ፣ ካፒቴኗን በዓይኑ ጥግ እያየ።

“አልቅሳ አጠበች እንጂ! ደግሞ ተንኮሏን አታውቋትም። አንድ ቀን እንጨቷን ሃንጋሩ ጣራ ላይ ወርውራ ‘ጠፋ’ አለችኝ።” አዛውንቱ ጅራቱ ጋ ደርሰው ቆሙና ዞሩ። “እኔ ምን አልኩ? ‘ምሳ ይዘሻል?’ አልኳት። ‘አዎ።’ ‘ማንኪያስ አለሽ?’ ‘አለኝ።’ ‘በይ በማንኪያሽ!’ ቀኑን ሙሉ በምሳ ማንኪያዋ ጭቃ ስትፍቅ ዋለች። ኋላ በሱ ትብላበት አትብላበት እግዜር ይወቅ!”

ሳቁ ግቢውን ሞላው። ካፒቴኗም ራሷ ሳቀች፤ ማንኪያው ትዝ አላት፣ ጠማማ እጀታው ሳይቀር። አዛውንቱ እንደዚያው እየሳቁ፣ ዓይናቸውን በመሀረብ እየጠረጉ፣ በቀኝ በኩል ዞረው መጡና የቀኙን እግር ተሻግረው ወደ ወንበራቸው ወጡ።

ቀኙን አልመቱትም።

ካፒቴኗ አየች። አፏም ተከፍቶ ነበር። በዚህ ግቢ “እግር ማጠብ” የሚባለው፣ ከመነሳት በፊት ጎማ የሌላቸውን ሁለት ረጃጅም የብረት እግሮች ዞሮ ማየት፣ ጭቃ ይዟቸው እንደሆነ መፋቅ፣ ከዚያም በጫማ ከጎን መትቶ ከመሬት መላቀቃቸውን ማረጋገጥ ነው። ስሙን ያወጡት ራሳቸው አዛውንቱ ናቸው። ማዕረጓ ከሳቸው በልጦ ዋና አስተማሪ ብትሆንም፣ እሷ ለሳቸው “ጋሼ፣ ቀኙን ረሱት” ልትል? ያውም ተማሪ ፊት? ደግሞ ሳላይ መትተውት ይሆናል፣ አለች በልቧ። አላየችም እንዳይባል ዓይኗ ከሳቸው ላይ ተነስቶ አያውቅም። ይሉኝታ ግን ይህን ሁሉ ያስብላል። በግራ በኩል ወጣችና ቀበቶዋን አሰረች።

ጠዋት ሥራ አስኪያጇ ቢሮዋ ጠርታት፣ “እሳቸው አንድ ዓመት ይጨመርልኝ ብለዋል፣” ብላት ነበር። “ሐኪሙ ደህና ናቸው ብሏል። እኔ ስለ በረራ የማውቀው ነገር የለም። ዛሬ አብረሻቸው ብረሪና ለምሳ ንገሪኝ። አንቺ አዎ ካልሽ አዎ ነው።”

“እሳቸውን እኔ ልፈትን? ምነው ነውር አይደለም እንዴ?”

“ነውርማ ነው። ግን ማን አለ ሌላ?”

እውነቷን ነው፣ ሌላ ሰው አልነበረም። ሌሎቹ የድሮ ሰዎች አንድ በአንድ ጡረታ ወጥተው አልቀዋል። በዚህ ግቢ ከዚያ ዘመን የቀሩት እሳቸው፣ እሷ፣ ሃንጋሩ ውስጥ ያለው ባለ ሦስት እግር በርጩማና ምስማር ላይ የተሰቀለችው እንጨት ናቸው።

ያ ዘመን ጥሩ ነበር። አስቸጋሪም ነበር፣ ግን ጥሩ ነበር፤ ካፒቴኗ ይህን ስትል አታፍርም። ጠዋት ጠዋት እርጥብ ሣርና ነዳጅ አንድ ላይ ይሸታል። ጋሽ እንቁላል ሻያቸውን ይዘው አግዳሚው ወንበር ላይ ይቀመጣሉ። አዛውንቱ ጋሽ እንቁላል የሚባሉት በሌሉበት ነው፤ ቀን በቀን “ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል” ስለሚሉ የወጣላቸው ስም ነው፣ ራሳቸው ላይ ፀጉር አለመኖሩም ትንሽ አግዟል። እሷ ደግሞ “ሚጢጢ” ነበረች። እግር ስታጥብ ከርማ፣ እጇ ላይ ውኃ ቋጥሮ፣ በመጨረሻ “እሺ ጋሼ፣ ሄሊኮፕተርን የሚገለብጠው ምንድን ነው?” ብላ በንዴት የጠየቀች ቀን በርጩማውን አምጥተው ፊቷ አስቀመጡት። አንዱን እግሩን በጫማቸው ረግጠው ያዙ።

“አንሺው፣” አሏት።

አነሳችው። በርጩማው ወደ ተረገጠው እግሩ ዘመመ።

“ጨምሪ።”

ጨመረች። በርጩማው ይብሱን ጋደደና ሊደፋ ደረሰ።

“አየሽ? አንድ እግሩ ተይዞ ወደ ላይ ስትስቢው ወደ ላይ አይሄድም፤ በተያዘው እግሩ ላይ እንደ በር ይዞራል። ሰው ደግሞ ሲደነግጥ ይስባል፣ ልማዱ ነው። በሳበ ቁጥር ይገለበጣል። በሌላው እጅሽ መሪውን ወደ ተቃራኒው ብታዞሪ፣ ትንሽ ካለፈ አይመለስልሽም። አሁን አውርጂው። ቀስ ብለሽ። ከጣልሽው በሌላው ጎን ይደፋል።”

ቀስ ብላ አወረደችው። በርጩማው በሦስት እግሩ ቆመ።

“ይኸው ነው ትምህርቱ፣” አሉ ሻያቸውን እያነሱ። “ሲያዘነብልብሽ ዝቅ። ሌላው ሁሉ ወሬ ነው።”

ካፒቴኗ በኋላ በዚህች በርጩማ ነፍሷ ተርፋለች፣ አንዴ ብቻ አይደለም። ያስተማረቻቸውም እንዲሁ። ዛሬ ታዲያ አንድ ዓመት ጨምሩልኝ የሚሉት ሰውዬ እሳቸው ናቸው። ሚስታቸው ካረፉ ወዲህ ቤታቸው ውስጥ ሬዲዮ አይጠፋም፤ ሲወጡም እንደተከፈተ ነው የሚተዉት፣ ሲመለሱ ሰው ያለ እንዲመስላቸው። ልጃቸው ከእኔ ጋር ይኑሩ እያለች በየሳምንቱ ትደውላለች። “እዚያ ሄጄ ሶፋ ላብስ ኖሯል?” ይሉና ወደ ሌላ ወሬ ይገባሉ። የደንብ ልብሳቸውን ግን ዛሬም ራሳቸው ተኩሰው ነው የመጡት፣ መስመሩ ሰው ይቆርጣል።

ሞተሩ ተነሳ። ክንፉ መዞር ጀመረ፣ ፈጠነ፣ ከዚያ ላያቸው ላይ እንደ ሰሐን ጠፍጣፋ ጥላ ሆነ። ሠልጣኞቹ ራቅ ብለው ሜዳው ዳር ካለው ተዳፋት ጫፍ ላይ ተደርድረው ቆመዋል።

“መሬትን እናስፈቅዳለን፣” አሉ አዛውንቱ በጆሮ ማዳመጫው ውስጥ። የድሮ ድምፃቸው ነበር። ካፒቴኗ ደስ አላት።

ማስፈቀድ ማለት በግራ እጅ ያለውን ማንሻ ትንሽ አንስቶ፣ ሄሊኮፕተሩ ሊነሳ ቀለል ሲል፣ እዚያው ቆም ብሎ መጠበቅ ነው። አዛውንቱ ማንሻውን አነሱ። ሄሊኮፕተሩ ቀለል አለ። ቆም ማለት ነበረባቸው፤ አልቆሙም። የግራው እግር ከመሬት ተነሳ።

ቀኙ አልተነሳም።

ሄሊኮፕተሩ ወደ ቀኝ ዘመመ። መጀመሪያ በዝግታ፣ ሰው ወንበሩ ላይ እንደሚደገፍ ያህል። ካፒቴኗ የአዛውንቱን እጅ ጠበቀች። አሁን ዝቅ ያደርጉታል፣ አለች፣ አሁን። መሬቱ በቀኝ መስኮት በኩል ወደ ላይ መጣ። የአዛውንቱ እጅ ማንሻውን ሳበው፣ ወደ ላይ።

“እኔ ይዣለሁ!” አለች።

የእሷን ማንሻ ወደ ታች ገፋች። ሁለቱ ማንሻዎች አንድ ናቸው፣ አንዱ ሲወርድ ሌላውም ይወርዳል፤ ስለዚህ የእሳቸው እጅ ሲታገላት ክንዷ ድረስ ተሰማት። ያን ያህል ጉልበት እንዳላቸው አታውቅም ነበር። “ጋሼ፣ ይልቀቁኝ!” አለች፤ ለቀቁ። ቀስ ብላ፣ ጥርሷን ነክሳ፣ ቀስ ብላ አወረደችው። የግራው እግር መሬት ነካ። ሄሊኮፕተሩ አንዴ ተንገጫግጮ ቀጥ ብሎ ተቀመጠ።

ሞተሩን አጠፋች፤ ክንፉም ቆመ።

“ነፋስ መታን፣” አሉ አዛውንቱ።

የነፋስ ማሳያው ከረጢት ምሰሶው ላይ እንደተሰጣ ካልሲ ተንጠልጥሏል። ካፒቴኗ ወደዚያ ላለማየት ታገለች፣ እሳቸውም አላዩም።

ይሄኔ ከውጭ ጭብጨባ ተሰማ። ሠልጣኞቹ እያጨበጨቡ እየሮጡ መጡ፣ ረጅሙ ከፊት ነው።

“ልቤ ቀጥ ብላ ነበር እኮ!” አለ በሩን ከፍቶ። “እንዲህ ነው እንጂ ማስተማር! ሊገለበጥ ሲል፣ ልክ ሊያልቅለት ሲል መለሱት! በቪዲዮ ቀርጬዋለሁ። ጋሼ፣ እርስዎ ግን ጉድ ነዎት!”

ወይ አለማወቅ! ሊገለበጡ ሲሉ ለጥቂት ለተረፉ ሰዎች፣ ለማሳየት አደረጉት ብሎ ያጨበጭባል። አዛውንቱ ወደ ካፒቴኗ ዞሩ። ዓይናቸው የልጅ ዓይን ሆኖ ነበር።

“እስቲ ወደ ሃንጋሩ ሂዱ፣ እንመጣለን፣” አለቻቸው ለሠልጣኞቹ። ሄዱ።

“ሚጢጢ፣” አሉ አዛውንቱ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። “ትምህርት ነበር በያት። ለሥራ አስኪያጇ።”

“ጋሼ...”

“ልጆቹ እንደሆኑ ያሉትን ሰምተሻል። አንቺ ‘አዎ’ ማለት ብቻ ነው። አንድ ዓመት ነው የጠየቅኩት፣ ምን አላት አንድ ዓመት? ቤት ልግባና ምን ልሁን? ከሬዲዮ ጋር ልጨቃጨቅ?” ቆም አሉ። “ለምኜሽ አላውቅም መቼም።”

አያውቁም። እሷ ናት ስትለምናቸው የኖረችው፣ ዛሬስ ልብረር፣ ዛሬስ ይፍቀዱልኝ እያለች። ወላጆቿ “ይሄ የሴት ሥራ ነው?” ብለው ሲያኮርፉ ቤታቸው ድረስ ሄደው ያስታረቋት እኚህ ሰው ናቸው። ካፒቴኗ ወርዳ በሄሊኮፕተሩ አፍንጫ በኩል ዞረችና የቀኙ እግር ጋ ቁጢጥ አለች። ትናንት ማታ ጭቃው ላይ ያደረው የእግሩ ተረከዝ ሸክላ አፈር ውስጥ ተቀብሯል። በሄሊኮፕተሩ መዝመም የተነሳ ይብስ ሰጥሞ፣ አፈሩ ዙሪያውን እንደ ሊጥ አብጦ ነበር። አንዴ በጫማ ቢመቱት ኖሮ ይታወቅ ነበር።

አዛውንቱም ወርደው አጠገቧ ቆሙ። አዩት። ብዙ ጊዜ አዩት።

“አልመታሁትም፣” አሉ።

“አይቻለሁ። አይቼ ዝም አልኩ።”

“አይተሽ?” ቀና አሉ። “አይተሽ ዝም አልሽ? እኔ እንዲህ ነው ያስተማርኩሽ?”

“ፈራሁ፣ ጋሼ። ልጆቹ ፊት ላሳፍርዎት አልፈለግኩም።”

“እንኳን አላሳፈርሽኝ! ገድለሽኝ ነበር እኮ! ራስሽንም!” ጮኹባት፣ ልክ እንደ ድሮው፣ ግንባራቸው ላይ ያለው ሥር ተነስቶ። እንዲህ ከጮኹባት ዘመን የለውም፤ ካፒቴኗ እንባዋ መጣ። እሳቸውም የሷን እንባ ሲያዩ ፊታቸውን አዞሩ።

ሥራ አስኪያጇ ባለ ተረከዝ ጫማዋ ጭቃው ውስጥ እየገባባት፣ እየነቀለች ደረሰች።

“ልጆቹ ጉድ እያወሩ ነው፣” አለች እየሳቀች። “ቪዲዮውን አሳዩኝ። እኔ እንኳ ገባኝ! እንግዲህ ምን እጠይቃለሁ፣ መልሱን አገኘሁ መሰለኝ። አንድ ዓመት፣ አይደል?”

ካፒቴኗ አዛውንቱን አየቻቸው። እሳቸው ወደ ምሰሶው፣ ወደዚያ ካልሲ ያያሉ። “አዎ” ማለት ቀላል ነበር። አንዲት ቃል ናት፣ ማንም አይጠይቃትም። በሚመጣው ሳምንት ግን ከጎናቸው የሚቀመጠው ረጅሙ ነው፣ ቀጥሎም ሌላው፤ እነሱ ደግሞ የጋሼን እጅ ታግለው አያወርዱም። ያከብሯቸዋላ!

“አይደለም፣” አለች። “ትምህርት አልነበረም። እግሩ ተይዞ ነበር፣ ጋሼ ሳቡት፣ እኔ አወረድኩት። ሳይመታ መቅረቱንም አይቼ ዝም ብያለሁ፣ ጥፋቱ የሁለታችንም ነው። ጋሼ ከእንግዲህ ባያበሩ ይሻላል።”

የሥራ አስኪያጇ ሳቅ ፊቷ ላይ ደረቀ። “እውነት ነው?” አለች ወደ አዛውንቱ ዞራ።

“እሷ ካለች ነው፣” አሉ። ድምፃቸው ውስጥ ቁጣ አልነበረም፣ ቁጣ ቢኖር ለካፒቴኗ በተሻላት። ኮታቸውን ከወንበሩ ላይ አነሱ፣ አራገፉ፣ ክንዳቸው ላይ አጠፉት። ከዚያ በሣሩ መሃል ወደ ሃንጋሩ አግዳሚ ወንበር ቀስ እያሉ ሄዱ።

መካኒኩ መጥቶ ከሥር ገብቶ፣ እያንኳኳና እያበራ እግሮቹን አንድ በአንድ አየ። “አልተጎዳም፣ አምላክ ነው ያተረፋችሁ፣” ብሎ እጁን በጨርቅ እየጠረገ ሄደ። ሄሊኮፕተሩ ደረቅ ቦታ ተሳበ። ካፒቴኗ ሠልጣኞቹን ሰብስባ የሆነውን እንደሆነ ነገረቻቸው፣ የራሷን ዝምታ ሳትደብቅ። ረጅሙ ስልኩን አውጥቶ ቪዲዮውን ሊያጠፋ ሲል፣ “አታጥፋው፣” አለችው፣ “ደጋግማችሁ እዩት።”

ከምሳ በኋላ ተራው የረጅሙ ሆነ። በቀኝ ወንበር ተቀመጠ፣ እሷ በግራ። ቀበቶ አሰሩ። እጁን ወደ ማስነሻው ሲሰድ ያዘችው።

“እግር አልታጠበም።”

“እኔ ዞሬ አይቻለሁ፣ ካፒቴን። ሁለቱንም መትቻለሁ።”

“ማን አስተማረህ?”

“እ... ጋሼ ጠዋት ሲያደርጉ አይቼ...”

“ጠዋት ያየኸው የአንዱን ነው።” እጇን ጭኗ ላይ አድርጋ ተደገፈች። “እንጠብቃለን።”

አግዳሚው ወንበር ከዚያ ይታያል። አዛውንቱ ኮታቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው፣ ልጃቸው በመኪና እስክትመጣ ተቀምጠዋል። ራሳቸው ናቸው የደወሉላት፤ ያ ደግሞ ሆኖ አያውቅም። ሄሊኮፕተሩ ለምን እንደማይነሳ ለማወቅ ቀና ብለው አዩ። መልሰው አቀረቀሩ። እንደገና አዩ።

“ካፒቴን፣ ማንን ነው የምንጠብቀው?” አለ ረጅሙ።

“ታያለህ።”

“ባይመጡስ?”

“ካልመጡ ዛሬ አንበርም።”

ከሃንጋሩ በር ሥራ አስኪያጇ ምን ሆናችሁ በሚል እጇን አወዛወዘች። ካፒቴኗ አልመለሰችላትም። የጓሮው ግንብ ጥላ ወደ ሣሩ ገባ። የልጃቸው መኪና የግቢው በር ላይ ጡሩምባ ነፋች። አዛውንቱ ተነሱ፣ ኮታቸውን ለበሱ፣ ወደ በሩ ሁለት እርምጃ ያህል ሄዱ። ቆሙ። አንድ ነገር አጉረመረሙ። ከዚያ ተመልሰው ወደ ሃንጋሩ ገቡና እንጨቷን ይዘው ወጡ።

እያጉረመረሙ ነው የመጡት፣ ድምፃቸው ገና ከሩቅ ይሰማል። “የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባል ነበር፤ እቺ ደግሞ ቁጭ ብላ ሰው ታስቸኩላለች! እልኸኛ! ድሮም እልኸኛ!” የግራው እግር ጋ ደረሱ፤ መቱት። ጅራቱ ጋ አለፉ፣ ምንም ወሬ ሳያወሩ። በቀኝ በኩል መጡና ረጅሙን በመስኮቱ በእንጨቷ ጠቆሙት።

“አንተ፣ ውረድና ተመልከት! ከዚያ ላይ ሆነህ ምን ልታይ ነው?”

ረጅሙ ቀበቶውን ለመፍታት እየተደናበረ ወረደ። አዛውንቱ ጎንበስ አሉ፣ ጉልበታቸው ጮኸ፣ ምንም ጭቃ የሌለበትን ደረቅ እግር ዳር እስከ ዳር ፋቁት። ከዚያ ቀና ብለው በጫማቸው መቱት። ካፒቴኗ ምቱ በወንበሯ በኩል ወገቧ ድረስ ተሰማት፣ እሳቸውን ሳታይ እንኳ የትኛው እግር እንደሆነ አወቀች።

“እሺ፣ አሁን ተነሱ፣” አሉ፣ ወደ በሩ ዞረው ለልጃቸው ቆዪ በሚል እንጨቷን ከፍ እያደረጉ።